አንድ ኪሎ ጨው ቤታችሁ ስንት ቀን ይቆያል? የልብ ጤና ከጓዳ ይጀምራል

 

በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ጥያቄ አለ፦ «ዶክተር፣ ለልብ ጥሩ የሆነው ምግብ ምንድን ነው?» አንዱ ስለ ነጭ ሽንኩርት ይጠይቃል፣ ሌላዋ ስለ አቮካዶ፣ ሌላው ስለ ወይራ ዘይት። ጥያቄው ክፋት የለውም። ግን ልባችንን በዋናነት የሚጎዳውም የሚጠቅመውም አልፎ አልፎ የምንበላው አንድ ልዩ ምግብ አይደለም። በየቀኑ ሳናስተውል የምንደጋግመው ነገር ነው፦ ወጡ ላይ የሚነሰነሰው ጨው፣ ድስቱ ውስጥ የሚፈሰው ዘይት፣ ወንበር ላይ የምናሳልፈው ሰዓት።

ስለዚህ ዛሬ «ምን ልብላ?» ከማለታችን በፊት «ስንት?» ብለን እንጠይቅ። ለዚህ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ጓዳችሁ ውስጥ ያለው የጨው ፓኬትና የዘይት ጀሪካን ይበቃል።

📌 ጉዳዩ ለምን ያሳስበናል?

በዓለም ጤና ድርጅት መረጃ መሠረት በ2019 (እ.ኤ.አ.) በዓለም ላይ 17.9 ሚሊዮን ገደማ ሰዎች በልብና በደም ሥር በሽታዎች ሞተዋል። ይህ በዚያ ዓመት ከሞተው ሰው ሁሉ 32 በመቶ ነው። ከእነዚህ ውስጥ 85 በመቶ የሚሆኑትን የገደላቸው ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) እና ስትሮክ ነው። «የሀብታም አገር በሽታ ነው እኮ» ሲባል እሰማለሁ። አይደለም። ከሦስት አራተኛ በላይ የሚሆነው ሞት የሚደርሰው ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው።

ልባችን በቀን 100,000 ጊዜ ያህል ይመታል። በእያንዳንዱ ምት የሚገፋው ደም የደም ሥሮቻችንን ግድግዳ ይጫናል። የደም ግፊት የምንለው ይህንን ጫና ነው። ጫናው ለዓመታት ከልክ በላይ ሲሆን ግድግዳው ይደድራል፣ ውስጡ ይጎዳል፣ በተጎዳው ቦታ ላይ ስብ ይጠራቀማል፣ መተላለፊያው ይጠባል። አንድ ቀን እዚያ ጠባብ ቦታ ላይ ደም ይረጋና መንገዱን ይዘጋዋል። ልብ ላይ ከሆነ ሃርት አታክ፣ አንጎል ላይ ከሆነ ስትሮክ ይሆናል።

ክፋቱ ይህ ሁሉ ሲሆን አለማመሙ ነው። በዓለም ላይ ደም ግፊት ካለባቸው አዋቂዎች ግማሽ የሚጠጉት እንዳለባቸው አያውቁም። «ራሴን አላመመኝም፣ ስለዚህ ግፊት የለብኝም» ማለት አይሠራም።

አንድ ነገር ግን ግልጽ ይሁን። የልብ ሕመም ሁሉ ከምግብ አይመጣም። በአገራችን በልጆችና በወጣቶች ላይ በብዛት የምናየው የልብ ቫልቭ ሕመም የሚከተለው በወቅቱ በትክክል ያልታከመ የጉሮሮ ኢንፌክሽንን ነው። ስለዚህ ልጃችሁ ትኩሳት ኖሮት ጉሮሮውን ሲያመው ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። የታዘዘለትንም መድኃኒት ጨርሱለት። ዛሬ የምናወራው ግን በአኗኗር ልንከላከለው ስለምንችለው ነው።

📌 የመጀመሪያው ሒሳብ፦ ጨው

የዓለም ጤና ድርጅት ምክር አንድ አዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው እንዲወስድ ነው። ይህ ማለት ያልተቆለለ አንድ የሻይ ማንኪያ ነው። ቁርስ፣ ምሳ፣ እራትና መክሰስ ተደምሮ!

«እኔ በማንኪያ አልበላም፣ እንዴት ልወቀው?» ትሉኝ ይሆናል። እሺ፣ እንቁጠር። ቤት ውስጥ 4 አዋቂዎች አላችሁ እንበል።

👉 4 ሰው × 5 ግራም = በቀን 20 ግራም
👉 1 ኪሎ ጨው (1,000 ግራም) ÷ 20 = 50 ቀን

ስለዚህ አንድ ኪሎ ጨው ለ4 ሰው ቢያንስ 50 ቀን መቆየት አለበት። ለ5 ሰው 40 ቀን፣ ለ2 ሰው ደግሞ 100 ቀን። እናንተ ቤት በሦስት ሳምንት የሚያልቅ ከሆነ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም።

ቆይ ግን፣ ገና አልጨረስንም። ይህ ሒሳብ ከፓኬቱ የሚወጣውን ብቻ ነው የቆጠረው። በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበታል። ሚጥሚጣው ላይም አለ። ዳቦው ውስጥ፣ የሾርባ ኩቡ ውስጥ፣ ቺፕሱ ላይ፣ ምሳ ቤት የበላችሁት ጥብስ ላይም አለ። ስለዚህ ፓኬቱ ከ50 ቀን በላይ ቢቆይ ይመረጣል።

እንዴት እንቀንስ?

👉 አዲስ ፓኬት ስትከፍቱ ቀኑን በእስክሪብቶ ጻፉበት። ሲያልቅ ቁጠሩ።
👉 ጨው በእጅ አትበትኑ፣ በማንኪያ ለክታችሁ ጨምሩ። የጨው ዕቃውንም ከገበታ ላይ አንሱት።
👉 በአንድ ጊዜ አታቋርጡ። በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ቀንሱ። ምላስ ይለምዳል፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የድሮው ወጥ ራሱ «ጨው በዛበት» ያሰኛችኋል።
👉 ጣዕሙን በነጭ ሽንኩርት፣ በዝንጅብል፣ በሎሚ፣ በኮረሪማ፣ በቃሪያ ተኩት።
👉 በርበሬ ስታስፈጩ ጨው እንዳይገባበት ወይም እንዲቀነስ አድርጉ።
👉 ጨው ስትቀንሱ የምትጠቀሙት ግን አዮዲን ያለው ይሁን።

አንድ የማየው ነገር አለ። አባወራው ደም ግፊት እንዳለበት ሲነገረው «ለእሱ ለብቻው አልጫ ይሠራለት» ይባላል። እሱም ሁለት ሳምንት ይታገሥና ወደ ዋናው ድስት ይመለሳል። ለብቻ መብላት ለኛ ሰው ቅጣት ነው! የሚበጀው የመላው ቤተሰብ ድስት ጨው መቀነሱ ነው። ልጆቹም ከአሁኑ ይለምዱታል።

📌 ሁለተኛው ሒሳብ፦ ዘይት

ዘይት ስንገዛ ብዙዎቻችን «ኮሌስትሮል የለውም» የሚለውን ጽሑፍ አይተን እንረጋጋለን። እውነት ነው፣ የለውም። ግን ኮሌስትሮል ያለው ሥጋ፣ ቅቤ፣ ወተት፣ እንቁላል ውስጥ ነው እንጂ የአትክልት ዘይት ውስጥ አይደለም። ማየት ያለብን ሌላ ነገር ነው፤ በሙያው ሳቹሬትድ ፋት የሚባለውን፣ ሲቀዘቅዝ የሚረጋውን የስብ ዓይነት። ይህ ስብ ሲበዛ ጉበታችን መጥፎውን ኮሌስትሮል ከደም ውስጥ የማጽዳት ሥራው ይዳከማል።

የፓልም ዘይት ስብ ግማሽ ያህሉ የዚህ ዓይነት ነው። ቅቤ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። የኑግ፣ የሱፍና የሰሊጥ ዘይት ግን በብዛት የያዙት የማይረጋውን ስብ ነው። ብርድ በሆነ ጠዋት ዘይታችሁ ጀሪካኑ ውስጥ ረግቶ ካገኛችሁት፣ መልሱን ራሱ ነገራችሁ።

«ዶክተር፣ የሱፍ ዘይት ዋጋውን አይተኸዋል?» አይቻለሁ። ለዚህም ነው ስለ መጠኑ የማወራው። 4 ሰው ባለበት ቤት 5 ሊትር ዘይት በ30 ቀን ካለቀ፣ ለአንድ ሰው በቀን 42 ሚሊ ሊትር ገደማ ይደርሰዋል። ይህ 3 የሾርባ ማንኪያ አካባቢ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ አለው፤ ስለዚህ ከዘይት ብቻ በቀን ከ300 ካሎሪ በላይ እየገባ ነው። ያው 5 ሊትር 45 ቀን እንዲቆይ ብታደርጉ፣ ለአንድ ሰው የሚደርሰው ከ2 ማንኪያ በታች ይወርዳል። በተረፈው ገንዘብም ሻል ያለውን ዘይት መግዛት ይቻላል።

👉 ሽንኩርቱን እናቶቻችን እንደሚያደርጉት መጀመሪያ ያለ ዘይት አቁላሉት። እንዳያርባችሁ ውኃ ጠብ ጠብ አድርጉበት። ዘይቱን ከዚያ በኋላ በማንኪያ ለክታችሁ ጨምሩ።
👉 ወጡ ላይ የተንሳፈፈውን ዘይት «ወዝ ነው» ብላችሁ አትተዉት። ቅፈፉት።
👉 የተጠበሰበትን ዘይት ደጋግማችሁ አትጠቀሙ። መንገድ ዳር የሚጠበሰውን ሳምቡሳና ቦምቦሊኖ የዕለት ቁርስ አታድርጉት።
👉 ቅቤ የበዓል ይሁን። በየቀኑ ሽሮ ላይ፣ በየቀኑ ገንፎ ላይ ሲሆን ነው ችግሩ።

📌 ገበታችን ራሱ ጥሩ ነው

ደስ የሚለው ነገር፣ ለልብ የሚሆን ምግብ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ምስር፣ ባቄላ፣ አተር፣ ሽንብራ፣ ጎመን፣ ጥቅል ጎመን፣ ቀይ ሥር፣ የጤፍ እንጀራ ሁሉም ጥሩ ናቸው። አሠራሩና መጠኑ ነው የሚያበላሻቸው።

በአሜሪካ የተሠራና በ1997 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ዳሽ የሚባል ታዋቂ ጥናት አለ። 459 ሰዎች ተሳትፈውበታል። ፍራፍሬ፣ አትክልትና ስቡ የተቀነሰ የወተት ተዋጽኦ የበዛበት፣ የሚረጋ ስብ ያነሰበት ምግብ ለ8 ሳምንት ከበሉት ውስጥ ደም ግፊት የነበረባቸው ሰዎች፣ የተለመደውን የአሜሪካ ምግብ ከበሉት ጋር ሲነጻጸሩ የላይኛው ቁጥራቸው በአማካይ 11 ነጥብ ገደማ ወርዷል። ያውም ጨው ሳይቀነስላቸው፣ ክብደታቸውም ሳይቀንስ!

ወደኛ ትሪ ስናመጣው እንዲህ ይሆናል፦ ከእንጀራው ላይ ግማሹን ቦታ አትክልት ይያዘው፤ ጎመን፣ ሰላጣ፣ ፎሶሊያ፣ ቀይ ሥር። ድንች ግን እዚህ አይቆጠርም። ከቀረው ላይ ምስር ወይም ሽሮ፣ አንዳንዴ ደግሞ ዓሣ ወይም ስቡ የወጣለት ሥጋ ይሁን። እንጀራውም ልክ ይኑረው፤ ሆዳችን ከጠገበ በኋላ «በሞቴ» ተብሎ የሚጨመረው ጉርሻም ካሎሪ አለው። ማኅበራዊ ሕይወታችን ይቀጥል፣ ጉርሻው ግን አንድ ይብቃው!

ለስላሳ መጠጥም ቀንሱ። አንድ ባለ 300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ውስጥ 30 ግራም ገደማ ስኳር አለ፤ ወደ 7 የሻይ ማንኪያ። ሻይ ውስጥ 7 ማንኪያ ስኳር ሲጨምር ያየነውን ሰው ምን እንለው ነበር? ቡና ለአብዛኛው ሰው በልክ ሲጠጣ ችግር የለውም። ከአቦል እስከ በረካ በየስኒው የሚጨመረውን ስኳር ግን ተመልከቱት።

ስለ ጾምም ልበል። በጾም ወቅት ሥጋና ቅቤ መቅረቱ ለልብ ይጠቅማል። ግን ቀኑን ሙሉ ቆይተን በዘይት የተጥለቀለቀ ሽሮ፣ ድንች ጥብስና ሳምቡሳ ከበላን ጥቅሙ ይጠፋል። የረመዳን አፍጥርም እንዲሁ ነው። ጾሙ ሲፈታ ደግሞ ዶሮ ወጥ፣ ክትፎ፣ ቢራ በአንድ ቀን ይከማቻል። በተለይ የልብ ድካም ላለበት ሰው በጨው የበዛ የበዓል ምግብ እግር የሚያሳብጥና ትንፋሽ የሚያሳጥር ነው። መድኃኒት የምትወስዱ ሰዎች ደግሞ በጾም ምክንያት በራሳችሁ አታቋርጡ። ጾሙ ሳይገባ ከሐኪማችሁ ጋር ሰዓቱን አስተካክሉ።

📌 ሦስተኛው ሒሳብ፦ ደቂቃ

አሁን ከጓዳ እንውጣና ወደ እንቅስቃሴ እንሂድ። በ1953 (እ.ኤ.አ.) ጄሪ ሞሪስ የተባሉ የእንግሊዝ ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር አንድ ጥናት አሳተሙ። የለንደንን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡሶች ሠራተኞች ነበር ያጠኑት። ሾፌሩ ቀኑን ሙሉ ይቀመጣል። ቲኬት ቆራጩ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ ይውላል። አውቶቡሱ አንድ ነው፣ ከተማው አንድ ነው። የልብ ሕመም ግን ቲኬት ቆራጮቹ ላይ በግልጽ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። እንቅስቃሴና ልብ መገናኘታቸውን በጥናት ካሳዩት የመጀመሪያዎቹ ሥራዎች አንዱ ይህ ነው።

እኛስ ከሁለቱ የማንን ኑሮ ነው የምንኖረው? ጠዋት ታክሲ ውስጥ፣ ቀን ቢሮ ወንበር ላይ፣ ማታ ሶፋ ላይ ስልክ ይዘን። አብዛኞቻችን ሾፌሩ ነን።

ምክሩ ይህ ነው፦ አዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ያድርግ። 30 ደቂቃ በሳምንት 5 ቀን ብታደርጉት 150 ይሞላል። በአንድ ጊዜ መሆን የለበትም። ጠዋት 15፣ ማታ 15 ይቆጠራል። በሳምንት ቢያንስ 2 ቀን ደግሞ ጡንቻን የሚያሠራ ነገር ጨምሩ፤ ፑሽ አፕ ወይም ከወንበር ደጋግሞ መነሣትና መቀመጥ ይበቃል።

መካከለኛ መሆኑን በምን እናውቃለን? እየተራመዳችሁ ማውራት ከቻላችሁ፣ መዝፈን ግን ካቃታችሁ ልክ ነው። መዝፈን ከቻላችሁ ፍጥነት ጨምሩ። ማውራትም ካቃታችሁ ቀንሱ።

👉 ከታክሲ አንድ ፌርማታ ቀድማችሁ ውረዱና ቀሪውን ፈጠን ብላችሁ ተራመዱ።
👉 ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ሰዎች፣ ደረጃው በነጻ የተሰጣችሁ ጂም ነው።
👉 ስልክ ስታወሩ ቆማችሁ ተንቀሳቀሱ። ቢሮ ውስጥ በየሰዓቱ ተነሡ።
👉 ከቤት መውጣት ካልተመቻችሁ ሙዚቃ ከፍታችሁ 20 ደቂቃ እስክስታ ምቱ። ቀልድ አይደለም፣ ልብ ያሠራል።
👉 ከጎረቤት ወይም ከጓደኛ ጋር ቀጠሮ ያዙ። ብቻውን የጀመረ ቶሎ ይሰንፋል።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው። ከቆላ አካባቢ፣ ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ የመጣ ሰው የመጀመሪያዎቹን ቀናት ቶሎ ቢያለከልክ አይደንግጥ፤ ቀስ ብሎ ይጀምር።

ነገር ግን ዳገት ስትወጡ ደረታችሁን የሚጨምቃችሁ፣ ራሳችሁን የሚያስታችሁ ወይም የታወቀ የልብ ሕመም ያለባችሁ ከሆነ፣ ስፖርት ከመጀመራችሁ በፊት ሐኪም ይያችሁ።

ሲጋራ፣ ሺሻና ጫትን ሳልጠቅስ አላልፍም። ትምባሆ የደም ሥርን ይጎዳል፣ ጫት ደግሞ የልብ ምትንና ግፊትን ከፍ ያደርጋል። ጨው ቀንሶ እየተራመደ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው በአንድ እጁ የገነባውን በሌላው እያፈረሰ ነው።

📌 ሁለት ቁጥሮቻችሁን እወቁ

የደም ግፊት፦ ከመለካታችሁ በፊት 5 ደቂቃ ዐርፋችሁ ተቀመጡ። በፊት ባሉት 30 ደቂቃዎች ቡና አትጠጡ፣ አታጭሱ። ጀርባችሁ ይደገፍ፣ እግራችሁ መሬት ይርገጥ፣ ክንዳችሁ በልብ ትክክል ይሁን። እየተራመዳችሁ መጥታችሁ መንገድ ዳር የተለካችሁት ቁጥር ሊያሳስታችሁ ይችላል። በተለያየ ቀን ደጋግሞ 140/90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪም ጋ ሂዱ።

ወገብ፦ በልብስ ሰፊ ሜትር በእምብርት አካባቢ ለኩ። ለሴት ከ80፣ ለወንድ ከ94 ሴንቲ ሜትር ሲያልፍ የልብና የስኳር በሽታ ስጋት መጨመር ይጀምራል። «ቦርጭ የምቾት ምልክት ነው» የሚለውን ተረት እንተወው።

📌 «ጨጓራዬ ነው» ከማለታችሁ በፊት

ይህንን ክፍል እባካችሁ በደንብ አንብቡት። ደረት መሃል ላይ የሚጫን፣ የሚጨምቅ ወይም የሚያቃጥል ስሜት ከጥቂት ደቂቃ በላይ ከቆየ፣ ወደ ግራ ክንድ፣ ወደ መንጋጋ ወይም ወደ ጀርባ ከሄደ፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ ማቅለሽለሽ ወይም የትንፋሽ ማጠር ካለው፣ ወተት ጠጥቶ ወይም የጨጓራ ኪኒን ውጦ መተኛት አይገባም። በሴቶችና ስኳር ባለባቸው ሰዎች ላይ ደግሞ የደረት ሕመሙ ሳይጎላ ድካምና ትንፋሽ ማጠር ብቻ ሊታይ ይችላል። ፊት በአንድ በኩል ከተጣመመ፣ አንድ እጅ ከዛለ ወይም አንደበት ከተያያዘ ስትሮክ ሊሆን ይችላል። በሁለቱም ሁኔታ እያንዳንዱ ደቂቃ ዋጋ አለው። 907 ደውሉ፤ አምቡላንስ ካልተገኘ ያገኛችሁትን መኪና ይዛችሁ ወደ ቅርብ ሆስፒታል ሂዱ። ታማሚው ራሱ እንዳይነዳ።

የደም ግፊት መድኃኒት ላይ ያላችሁም፣ ግፊታችሁ ሲስተካከል «ድኛለሁ» ብላችሁ አታቁሙ። ብዙ ጊዜ የተስተካከለው መድኃኒቱ እየሠራ ስለሆነ ነው። ነጭ ሽንኩርት ወጥ ያጣፍጣል፣ የታዘዘ መድኃኒትን ግን አይተካም። አመጋገብና እንቅስቃሴያችሁ ሲሻሻል መጠኑን የሚቀንስላችሁ ሐኪማችሁ ነው።

📌 የአራት ሳምንት ዕቅድ

1ኛ ሳምንት፦ የጨው ፓኬቱና የዘይት ጀሪካኑ ላይ ቀን ጻፉ። ግፊታችሁንና ወገባችሁን ተለኩ። ሌላ ምንም አትቀይሩ።
2ኛ ሳምንት፦ ጨውና ዘይት በማንኪያ መለካት ጀምሩ። በቀን 10 ደቂቃ ተራመዱ።
3ኛ ሳምንት፦ በምሳና በእራት ትሪ ላይ አትክልት ጨምሩ። ለስላሳውን በውኃ ተኩት። እርምጃውን 20 ደቂቃ አድርሱት።
4ኛ ሳምንት፦ እርምጃውን 30 ደቂቃ አድርጉት። ግፊታችሁን እንደገና ተለኩና ቁጥሩን ጽፋችሁ አስቀምጡ።

አንድ ቀን ብታመልጣችሁ «በቃ ተበላሸ» ብላችሁ አትተዉት። ሠርግም አለ፣ በዓልም አለ። በማግሥቱ ቀጥሉ።

ይህንን ጽሑፍ በተለይ ቤት ውስጥ ምግብ ለሚያበስለው ሰው አንብቡለት ወይም ላኩለት። የቤተሰቡ ልብ በብዙ መልኩ እዚያ ማንኪያ ላይ ነው ያለው። ምክሩ አጠቃላይ ስለሆነ የሐኪም ምርመራን አይተካም፤ የኩላሊት ሕመም ያለባችሁ ደግሞ አትክልትና ፍራፍሬ በብዛት ከመጨመራችሁ በፊት ሐኪማችሁን አማክሩ።

ለዛሬ የቤት ሥራችሁ አንድ ብቻ ነው፦ ተነሡና የጨው ፓኬቱ ላይ የዛሬን ቀን ጻፉ።

ጤናችሁ ይብዛ!